ድምፁን የሚያዝዘው ማን ነው?

ዶዮገና በገበያ ቀን ጸጥታ የላትም። የበጉ ጩኸት፥ የነጋዴው ጥሪ፥ የሞተር ብስክሌቱ ጡሩምባ አንድ ላይ ይነሣል፤ ገበያ ነውና ማንም ቅር አይለውም። ጩኸት ክፉ የሚሆነው ባልተጠራበት ቦታ ሲመጣ ነው። አንድ ጸሐፊ ባለጉዳይ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ የተላከለትን ፋይል ሲከፍት፥ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ጉልበቱ ዘፈን ቢለቅበት፥ ያችን ትንሽ የድምፅ ሥዕል በማውዝ እስኪያገኛት ድረስ ላቡ ይወርዳል። በዚያች ደቂቃ አለቃው በበሩ ብቅ ካሉ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው።

ስለ ድምፅ ቁልፍ እንዳስብ ያደረገኝ ግን ዘፈን ሳይሆን አንድ ተማሪዬ ነው።

በኮምፒዩተር ክፍላችን ተማሪዎች ማዳመጫ አድርገው የእንግሊዝኛ ንባብ እየሰሙ መልስ ይጽፋሉ። ቁልፍ ሰሌዳዎቹ የቆዩ ስለ ሆኑ የድምፅ ቁልፍ የለባቸውም፤ ማጫወቻውም ስክሪኑን ሞልቶ ስለሚይዝ፥ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ንባቡን አቋርጦ መውጣት ያስፈልጋል። አንድ ልጅ ዘወትር ግማሹን ባዶ ትቶ፥ የቀረውን ከጎረቤቱ ቀድቶ ያስረክበኝ ነበር። ሰነፍ ነው ብዬ ፈረድሁበት፤ በጓደኞቹም ፊት ገሠጽሁት። አንገቱን ደፋ እንጂ አልመለሰልኝም።

በዚያው ሰሞን ለሥራ ማቅለያ ብዬ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ ጫንሁ። በማግሥቱ ስዞር የዚያ ልጅ ድምፅ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ወረቀቱ ግን ሙሉ ነበር። «ቲቸር፥ በፊት እኮ አይሰማኝም ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ነገር ግን በክፍል ልጆች ሁሉ ፊት «አልሰማሁም» ብሎ መናገር ለወጣት ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን ገባኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ አውቶሆትኪ ይባላል፤ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛል። እኔ የምጠቀመው 2ኛውን እትም ነው። ትእዛዙ በኖትፓድ ይጻፋል። በመስመሩ መጀመሪያ የሚጫኑት ቁልፎች ይቀመጣሉ፤ ኮንትሮልን የቀስት ጫፍ የምትመስለው ምልክት፥ ኦልትን ቃለ አጋኖ ይወክላሉ። ቀጥሎ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ይደረግና ትእዛዙ ይከተላል። «ሳውንድ ሴት ቮልዩም» የሚለው ቃል ተገጣጥሞ ተጽፎ፥ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የመደመር ምልክትና 5 ቢከተለው ድምፁ በ5 ይጨምራል፤ የመቀነስ ምልክት ቢሆን በ5 ይቀንሳል። እኔ ለመጨመር ፔጅ አፕን፥ ለመቀነስ ፔጅ ዳውንን፥ ጨርሶ ዝም ለማሰኘት ኤንድን መረጥሁ፤ ሦስቱም ከኮንትሮልና ከኦልት ጋር ይጫናሉ። የቀስት ቁልፎችን የተውሁት በአንዳንድ ኮምፒዩተር ላይ ያው ጥምረት ስክሪኑን ስለሚገለብጠው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለ ምንም ቁልፍ ድምፁን 20 የሚያደርግ መስመር ጻፍሁ፤ ፋይሉ በስታርት አፕ ፎልደር ውስጥ ስለ ተቀመጠ፥ የትናንቱ ተማሪ ድምፁን 100 አድርሶት ቢሄድ እንኳ የዛሬው አይደነግጥም።

ይህ ነገር እንግዳ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ አማርኛ በኮምፒዩተር ሲጽፍ እጁን ይመልከት። በቁልፎቹ ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ነው፤ በስክሪኑ የሚወጣው ግን የኛው ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ካገኘ ወዲህ፥ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ አንድ ፊደል ማውጣት የየቀኑ ሥራችን ሆኗል። የቁልፍ ሥራ በላዩ በታተመው ሳይሆን በታዘዘው እንደሚወሰን እኛ ከማንም በፊት እናውቃለን ማለት ነው።

ታላላቆቻችን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሳተላይት የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ሲጀምር፥ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚመጣው ትምህርት ተማሪው ገባውም አልገባውም ይቀጥል ነበር፤ መምህሩ ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። መሣሪያው ያዝዝ ነበር፥ ሰው ይከተል ነበር።

ማዘዝ ግን ኀላፊነትም አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ 80 ዴሲቤል፥ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ይመክራል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በስክሪኑ ላይ ያለው 60 ወይም 80 ዴሲቤል እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ እንደ ማዳመጫው ይለያያል። የመንግሥት ኮምፒዩተር ከሆነም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ሌላ ሰው የጻፈውንም ትእዛዝ ሳታነቡ አትጫኑ፥ የቤትን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ነውና።

ተማሪዬ ጆሮውን እንዲታይ ለወላጆቹ ነገርሁ፤ መቀመጫውንም ወደ ፊት አመጣሁት። እኔም በገሠጽሁት ጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ።