ከሪ፣ እኛ እና ሁለቱ ጠረጴዛዎች

ይህ ጽሑፍ ስለ ምግብ ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኖ ስለ ሆዱ ይጽፋል እንዴ?» የሚል ካለ ቀጣዩን ገጽ መግለጥ ይችላል፤ በዚህ ቡሌቲን ፖለቲካ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ በበኩሌ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሐሳቡም ዲፓርትመንታችን በሰኔ የሚያዘጋጀውን የዓመት መዝጊያ ድግስ ይመለከታል። ድግሱ ላይ ሥጋ አይኑር እላለሁ። ከመቆጣታችሁ በፊት ግን ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝን የአምስት ጓደኛሞች የከሪ ማምሻ ላስረዳችሁ።

አምስታችን የተዋወቅነው በ2017 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሳለን አንድ ሴክሽን ተመድበን ነው። አንደኛዋ የደሴ ልጅ ናት፣ አንዱ የጅማ፣ አንዱ የጎንደር፣ አንደኛዋ የሐዋሳ፤ እኔ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የደሴዋና የጅማው ሙስሊም ናቸው፣ የጎንደሩና እኔ ኦርቶዶክስ፣ የሐዋሳዋ ጴንጤ። ሲጻፍ የፓርቲዎች ጥምረት ይመስላል፤ ያሰባሰበን ግን የሎጂክ ፈተና ፍርሃት ብቻ ነው። አሁን አራታችን እዚህ ዲፓርትመንት ነን። የጅማው ኢኮኖሚክስ ገብቷል፤ ሒሳብ ሲመጣ ለአምስት የሚያካፍለው እሱ ነው።

በየወሩ የመጨረሻው ሐሙስ ማታ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ የህንድ ምግብ ቤት እንሄዳለን። ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። «ተማሪ ሆናችሁ ቦሌ ድረስ ሄዳችሁ የህንድ ምግብ? ምን የሚሉት ቅብጠት ነው!» ያሉን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ውድ ነው። ለአምስት ሰው ሦስት ወጥ፣ አንድ ሩዝና እንደ ኪሳችን ሮቲ ነው የምናዘው። ወሩን ሙሉ ማኪያቶ የሚቀርብን ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን እዚያ? ሌላውን ሞክረን ስላልሆነ ነው። መጀመሪያ ሚድ ኤግዛም ያለቀ ቀን ጥብስ እንብላ ተባለና አንድ ሥጋ ቤት ገባን። በሩ ላይ መስቀል ተስሏል። የደሴዋ ለስላሳ አዘዘች። «አትበዪም?» ስንላት «አልራበኝም» አለች። የጅማውም አልራበውም። በሚቀጥለው ጊዜ በእነሱ ምርጫ አንድ ሙስሊም ቤት ሄድን፤ ያን ቀን ደግሞ ያልራበን የጎንደሩና እኔ ሆንን፣ ሻይ ጠጣን። የሐዋሳዋ ብቻ ሁለቱም ቦታ ተርቦ የሚያውቅ ሰው ሆና ቀረች። ከዚያ በኋላ «አልራበኝም» የግሩፓችን ቃል ሆነ፤ ዛሬም አንዳችን ፈተና ሲወድቅ «አልራበኝም» ይላል።

ሽሮ ቤት አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ሄደናልም። ነገር ግን አራታችን ካፌ ተጠቃሚ ነን፤ ሽሮ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምንበላ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከሽሮ ለማምለጥ ወጥቶ ሽሮ ማዘዝ ያሳዝናል። የህንዱን ቤት ያመጣው የጅማው ነው። «ሥጋ የሌለበት ገጹ ከሥጋው ገጽ ይረዝማል» አለን ሜኑውን አስቀድሞ አይቶ። እውነትም ይረዝማል።

ለነገሩ ህንዶች «ከሪ» የሚባል አንድ ምግብ የላቸውም። ቃሉ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው ይባላል፤ እንግሊዞች ናቸው መረቅ ያለውን የህንድ ምግብ ሁሉ በዚህ ስም የጠሩት። የውጭ ሰው ዶሮውንም፣ ምስሩንም፣ ጎመኑንም «ወጥ» ብሎ እንደሚያልፈው ማለት ነው። እንግሊዞች ከዚያ አልፈው የራሳቸው አደረጉት። በ2001 እ.ኤ.አ. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው የነበሩት ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ነው ብለው ተናግረዋል። እዚያ አገር ጓደኛሞች ቢራ ጠጥተው ማታ ከሪ ቤት መሄዳቸው የቆየ ልማድ ነው። የእኛ ያለ ቢራ ነው፤ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሰዎች አስታውሱ።

እኛ የምናዘው ዳል፣ ቻና ማሳላና አንድ የአትክልት ወጥ ነው። ዳል ምስር ነው። ቻና ሽምብራ ነው። ውስጣቸው ያለው ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ከሙን፣ ድምብላል ነው፤ እናቶቻችን ጓዳ የማይታጣ ነገር። የጎንደሩ መጀመሪያ ቀን ዳሉን ቀምሶ «ይሄ እኮ አልጫ ነው፤ ለአልጫ ይሄን ያህል ብር መክፈሌን እናቴ እንዳትሰማ» ብሎ ነበር። በርበሬው ራሱ የእነሱም የእኛም አይደለም። መነሻው ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ወደ ህንድ የገባው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ በፖርቱጋሎች መርከብ ነው። ይህን ለጎንደሩ ስነግረው አላመነኝም፤ እስካሁን እንደተቀየመ ነው።

ሐሙስን የመረጥነው ረቡዕም ዓርብም ስላልሆነ ነው። እንዲያም ሆኖ ጾም ቀላል አይደለም፤ ህንዶች «ቬጅ» የሚሉት ከእኛ ጾም ጋር አንድ አይደለምና። ቅቤ ይገባበታል፣ ፓኒር የሚሉት አይብ አለ፣ ናን የተባለው ዳቦ ብዙ ጊዜ በእርጎ ወይም በወተት ይቦካል። ሮቲው ግን ዱቄትና ውሃ ነው። አስተናጋጁ ለምዶናል፤ ገና ሳንቀመጥ «ዛሬ ጾመኛ አለ? በዘይት ይሁን?» ይላል። የደሴዋ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ሱና ስለምትጾም አንዳንዴ ቴምሯን በቦርሳዋ ይዛ መጥታ መግሪብ ሲደርስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ታፈጥራለች። በ2017 ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሲገቡ ሁላችንም አንድ ሰዓት ላይ አንድ ዓይነት ነገር እንበላ ነበር፦ ምስር ያለበት ሳምቡሳና ዳል በዘይት። የሐዋሳዋ «እኔም አብሬያችሁ ጾምኩ» ትላለች፣ ቀን ላይ በርገር ስትበላ ብትታይም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ጉርሻ ለመናገር ነው። የህንድ ምግብ በእጅ ይበላል፣ መሀል ላይ ይቀርባል። ሥጋ ስለሌለበት ከጎንደሩ እጅ ወደ ደሴዋ አፍ የሚሄድ ጉርሻ የሚያቆመው የለም። ሥጋ ቤት በነበርንበት ቀን አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን ነበር፤ ጉርሻ ግን መሻገር አልቻለም። ለእኔ ልዩነቱ ይሄ ነው።

እዚያው ህንድ ውስጥ ይህን ነገር ከእኛ በፊት ያሰቡበት አሉ። በፑንጃብ የተጀመረው የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ (1469–1539 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ከእሳቸው የመጣ ላንጋር የሚባል ልማድ አለ፤ በየቤተ መቅደሱ የሚገኝ ነፃ ማዕድ ነው። ሀብታሙም ድሃውም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚል የለም። አምሪትሳር ባለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሮቲና ዳል ይበላል። ሲኮች ሁሉ ሥጋ የማይበሉ ሆነው አይደለም፤ ብዙዎቹ ይበላሉ። ላንጋር ላይ ግን ሥጋ አይቀርብም፣ የየትኛውም እምነት ሰው ሳይሳቀቅ እንዲቀመጥ። የእኔ ሐሳብ ከዚህ አንድ መስመር አይርቅም።

ህንድን ገነት እያደረግሁ እንዳይመስላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ዳድሪ አካባቢ ባለ መንደር ላም አርዷል ተብሎ በተወራ ወሬ አንድ ሙስሊም አባወራ በመንጋ ተደብድቦ ተገድሏል። ሥጋ በሊታ ናችሁ ተብለው የኪራይ ቤት የሚከለከሉም አሉ። ስለዚህ ሥጋ አለመብላት ራሱ መለያያ ሊሆን ይችላል። ዋናው ማዕዱ ለማን ተብሎ ተዘረጋ የሚለው ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ዓመቱ ሲጀምር ሁለተኛ ዓመት ለገባነው ሲኒየሮች የእንኳን ደህና መጣችሁ ፕሮግራም አዘጋጁልን። ደክመው ያዘጋጁት ነውና ምስጋናዬ አይጓደልም። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ረጅም ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የክርስቲያን»፣ «የሙስሊም»። ለሙስሊሞቹ ሙስሊም ወጥ ሠሪ ተቀጥራ፣ ድስቱም ቢላዋውም ተለይቶ ነበር። ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ሰው ሰሃኑን ሞልቶ ካነሣበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ገና ስም የማንተዋወቅ ልጆች ስማችንን ሳንነጋገር ሃይማኖታችንን አወቅን። ያን ማታ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡት ስልክ ተለዋወጡ። በሳምንቱ መምህራችን «ለሪፖርቲንግ ግሩፕ ተቧደኑ» ሲሉን ብዙዎቹ ግሩፖች ልክ በጠረጴዛው ቅርጽ ወጡ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ናቸው፤ የማያምን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለውን የግሩፕ ዝርዝር ይመልከት።

ይህ ለሌላ ትምህርት ክፍል ምናልባት ቀላል ነው። ለእኛ ግን ሥራችን ነው። የጥምቀትን ዘገባ ስንሠራ የደሴዋ ከእኛ ግሩፕ ነበረች። «ታቦቱ ውሃ ዳር የሚያድረው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። የጎንደሩ ሲያስረዳ፣ ሲንተባተብ፣ ከዚያም ደውሎ አጎቱን ሲጠይቅ የዘገባችን ምርጥ አንቀጽ ከዚያ ወጣ። ሁላችንም የምናውቀው የሚመስለንን ነገር የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ግሩፕ ያ አንቀጽ አይጻፍም ነበር።

ሐሳቤን ለጓደኞቼ ሳማክር የመጣብኝ ተቃውሞ ብዙ ነው። አያቴ ለልጇ ሠርግ ሙስሊም ጎረቤቷን ጠርታ ለሙስሊም እንግዶች በሬ አሳርዳለች፤ ይሄ ክብር አይደለም ወይ? ክብር ነው። ግን አያቴና ጎረቤቷ ዓመቱን ሙሉ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው፤ አንድ ቀን ለየብቻ ቢበሉ የሚጎድልባቸው የለም። እኛ ያ ቡና ገና የለንም።

የከበደኝ ተቃውሞ ሌላው ነው። አንድ የዶርሜ ልጅ «ካፌው ዓመቱን ሙሉ ምስር ሲያበላኝ ከርሞ በዓመት አንድ ቀን ሥጋ ሊገኝ ሲል አንተ ልታስቀርብኝ ነው?» አለኝ። በመዋጮው ከሚገኘው ሁሉ የሚጓጓው ለእሷ ቁራጭ ነው፤ ቤተሰቡም ብር አይልክለትም። ይሄን ሰው በጉርሻ ፍልስፍና ማጥገብ አይቻልም። የምለው ይህ ነው፦ የሥጋው ብር እንዳለ ለማዕዱ ይዋል። የካፌው ውሃ የበዛበት ምስር ሳይሆን በደንብ የተሠራ በያይነቱ ይቅረብ፤ የሽምብራ ዓሣ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ እንጉዳይ ጥብስ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ ስንግ፣ ከፈለጋችሁም ሳምቡሳ፣ እስኪጠገብ። እሱ አሁንም አልተስማማም። እንዳለ ጽፌለታለሁ።

ደግሞም ድግሱ ሰኔ ላይ ነው፣ የሐዋርያት ጾም ውስጥ። «የቄስ ጾም» እያሉ የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ የሚጾሙትም ግን አሉ። ኮሚቴው በያዘው አካሄድ ከቀጠለ ሁለት ጠረጴዛ አይበቃውም፣ ሦስተኛ ሊጨምር ነው።

የመዋጮው ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ሰነበተ። ሁለት ዓምድ አለው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በየእምነቱ ዓምድ እንዲፈርም። ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጋር ተነጋግሬ በቀኝ በኩል ሦስተኛ ዓምድ አስምሬአለሁ፤ ከላዩ «አንድ ጠረጴዛ» ይላል። ይህን ስጽፍ አሥራ አንድ ሰው ፈርሟል፣ አራቱ እኛው ነን። ወረቀቱ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚያው ይቆያል፤ እስክሪብቶው ግን ስለሚሰረቅ ይዛችሁ ኑ።