ለሚያድግ መሥሪያ ቤት የሚሆን ሣጥን

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ስለ ቤተ ሰብና ስለ ኑሮ በሚጻፍበት በዚህ ዓምድ ስለ ኮምፒውተር ሣጥን ማውራቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን የተጻፈ ነገር ሲጠፋ የሠራተኛው እንጀራ እንዴት አብሮ እንደሚነካ በዓይኔ ስላየሁ፥ ነገሩን ሳልጽፈው ልተወው አልቻልሁም።

በሥራ ጉዳይ ከጅግጅጋ ተነሥቼ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ በገባሁ ጊዜ፥ በበርበራ ወደብ የሚያልፈውን ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ በሚያስተላልፍ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ጥቂት ቀን ሰንብቼ ነበር። የቢሮው ባለቤት ሐረር ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ሥራውን በ4 ሰው ጀምረው ዛሬ 19 ሠራተኞች አሏቸው። ሰው ሲበዛ ወንበርና ጠረጴዛ ተጨመረ፤ የሰነዱ ማስቀመጫ ግን እንደ ጥንቱ አንዲት በእጅ የምትያዝ ሃርድ ዲስክ ሆና ቀረች። እርስዋም በሒሳብ ሹሟ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ፥ የቀሩት ሠራተኞች ሁሉ በፍላሽ እየቀዱ ይወስዱ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ጸሐፊ ሻይ ይዞ ሲያልፍ ገመዱ እግሩን ጠለፈውና ዲስኳ ከጠረጴዛ ወደቀች። የ14 ወር ሰነድ በዚያ ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድ ደንበኛ ዕቃዬ ጐደለብኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ ርክክቡን የሚያስረዳው ወረቀት ስላልተገኘ ቢሮው ከራሱ ካዝና ከፈለ፤ የዚያም ወር ደመወዝ በግማሽ ተከፈለ። ወጣቱ እባረራለሁ ብሎ ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ የ19 ሰው ኑሮ በአንድ ገመድ ላይ እንዲንጠለጠል የተደረገው ከእርሱ በፊት ነው።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ነጋዴ አስጠርተው ዋጋ ጠየቁ። ነጋዴው ከዱባይ የሚያስመጣው ስምንት ዲስክ የሚይዝ ትልቅ ሣጥን ነበረው፤ «ናስ» ይሉታል። (ከድስትና ከሰታቴ ናስ ጋራ ዝምድና የለውም፤ በኔትወርክ ገመድ ተያይዞ ሠራተኛው ሁሉ በአንድነት የሚጽፍበትና የሚያነብበት ማከማቻ ማለት ነው።) ሽማግሌው ዋጋውን አይተው ደነገጡና ወደ እኔ ዞረው፥ «ልጄ፥ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ ይህን ያህል ያስፈልገናልን?» አሉኝ።

እኔም፥ «አባቴ፥ አስቀድመን ሰነዱን እንቍጠረው» አልኋቸው። ከሒሳብ ሹሟ ጋራ ተቀምጠን ቈጠርን። የአንድ ጭነት ዶሴ 40 ገጽ ያህል ነው፤ አንዱ ገጽ በስካነር ሲነሣ 1 ሜጋባይት ይሆናል። በቀን 25 ዶሴ ቢገባ 1 ጊጋባይት፥ በዓመት በ300 የሥራ ቀን 300 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ከየኮምፒውተሩና ከየፍላሹ የተሰበሰበውን አሮጌ ሰነድ 600 ጊጋባይት ብንጨምርበት በ5 ዓመት ወደ 2 ቴራባይት ይደርሳል። ሥራው ይሰፋል ብለን እጥፍ አድርገን ብንይዘው እንኳ 4 ቴራባይት ነው። ስለዚህ ስምንት ዲስክ የሚይዘው ለዚህ ቤት ትርፍ ነበር። ሁለት ዲስክ ብቻ የሚይዘው ደግሞ ቢሮው ሲያድግ መጣሉ ነው። አራት የሚይዘውን ገዝቶ፥ በሁለቱ ቦታ ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች አስገብቶ፥ ሁለቱን ቦታ ለወደፊት ባዶ መተው የተሻለ ሆኖ ታየኝ።

ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የአንዱ መስታወት ሆነው ይሠራሉ፤ የተጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሥራው አይቆምም። አራት ዲስክ ሲሞላ የአንዱን ቦታ ብቻ ለመጠባበቂያ የሚወስድ ሌላ ስልት አለ፤ ቦታ ይቈጥባል። ሆኖም ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ ተበላሽቶ በአዲስ ሲተካ፥ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት እየሄደ እንኳ እስኪሞላ ወደ 15 ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሌላው ቢደገም ሁሉም ይጠፋል። ባንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ዲስኮች ዕድሜያቸው የሚቀራረብበት ጊዜ ስላለም፥ ሁለቱን ከሁለት ሱቅ እንዲገዙ መከርኋቸው።

ይህ በዲስክ ላይ ዲስክ የመደረብ ሐሳብ «ሬይድ» በሚል ስም የታወቀው በካሊፎርኒያ፥ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትስ በ1988 (በፈረንጅ) ባወጡት ጽሑፍ ነው። በዚያው ዓመት ሐርጌሳ ከራስዋ አይሮፕላን ጣቢያ በተነሡ አይሮፕላኖች ተደበደበች፤ መታሰቢያው የሚግ አይሮፕላን ዛሬ በከተማው መካከል ቆሞ ይታያል። የሬዲዮ ሐርጌሳ የዘፈን ክሮች ከዚያ እሳት የዳኑት፥ ሰዎቹ አስቀድመው ከቤቱ አውጥተው ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ በመላካቸው፥ ከፊሉንም በምድር ውስጥ በመቅበራቸው ነው። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴት ተሰብስቦ ይገኛል።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሽማግሌው መስታወቱን እንደ ሰሙ፥ «እንግዲያስ ሁለት ቅጂ አለን፤ ተገላገልን» አሉ። የሒሳብ ሹሟ ግን ጅግጅጋ ያደገች ሶማሊት ናትና በአማርኛ፥ «አዴር፥ ዋሂን ሲቃጠል ሁለቱም ዲስክ በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢሆን ምን ይጠቅም ነበር?» አለቻቸው። ዋሂን የከተማዪቱ ታላቅ ገበያ ነው፤ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ በእሳት ተያይዞ ብዙ ነጋዴ ባንድ ሌሊት ባዶ እጁን ቀርቷል። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም፤ እኔም የምጨምረው አልነበረኝም። ደግሞም መስታወት የሚያሳየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፤ አንድ ሰው ተሳስቶ ዶሴ ቢሰርዝ በሁለቱም ላይ ይሰረዛል።

ስለዚህ ሣጥኑ በየሰዓቱ የቀድሞውን መልክ እንዲያስቀምጥ ተደረገ። ከዚህም በቀር በይለፍ ቃል የተቈለፉ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ተገዙና፥ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ አንዷ ጅግጅጋ የር በሚባለው ሰፈር በሽማግሌው ቤት ታድራለች። ክላውድ የሚባለውንም አስበነዋል። የቢሮው መስመር በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ይልካል፤ አሮጌው 600 ጊጋባይት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ 5 ቀን ተኩል ይፈልጋል፤ የዕለቱ 1 ጊጋባይት ግን በ13 ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ የየዕለቱ ብቻ በሌሊት እንዲላክ ተስማማን። ሣጥኑን ራሱን ግን ከቤት ሆኖ ለማየት ይመቻል ብሎ በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈትን ከለከልሁ። በጥር 2022 (በፈረንጅ) «ዴድቦልት» የተባለው ቀማኛ ፕሮግራም እንዲህ የተከፈቱ የኪውናፕ ሣጥኖችን በብዙ አገር ቈልፎ ገንዘብ ሲጠይቅባቸው ነበር።

ነጋዴው ያልነገራቸው አንድ ነገር ደግሞ ነበር። የቢሮው ስዊች አሮጌ ባለ 100 ሜጋቢት ሲሆን፥ በሴኮንድ ከ12 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ምንም ያህል ውድ ሣጥን ቢገዛ በዚያ ጠባብ በር ነው የሚገባና የሚወጣ። ባለ 1 ጊጋቢት ስዊች ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ሆኖ ሳለ ጥቅሙ ከሁሉ ቀድሞ ታየ። በሐርጌሳ የመብራት ዋጋ ውድ ነው፥ መብራቱም ይሄዳልና ሣጥኑ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ የሚሰጠው ዩ ፒ ኤስም ተጨመረ። አቧራውን በየወሩ የሚጠርግ ሰው ተመደበ፤ ያም ሰው ገመዱ የጠለፈው ወጣት ነው።

ከመመለሴ በፊት ሽማግሌው በራሳቸው ፈቃድ አንድ ዶሴ እንዲመርጡ ለመንኋቸው። የመረጡትን ከሣጥኑ ሰረዝነው፤ ወጣቱም ከሽማግሌው ቤት የመጣችውን ዲስክ ሰክቶ ፈለገ። ዶሴው ወጣ፤ 38ቱን ገጽ ሁሉ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት። ከዚያም መሳቢያቸውን ከፍተው፥ በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለችውን የወደቀችውን ዲስክ አወጡና፥ «ይህችንስ?» አሉኝ። ዱባይ የሚልኩበትን መንገድ ነገርኋቸው፤ ይገኛል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጠኋቸውም።