የወንዝ ዳር መንገድ የማን ነው?

ሯጭ የሚሻው ነገር ጥቂት ነው። ጤና፣ ትዕግሥትና እግሩን ሳይፈራ የሚያሳርፍበት መንገድ ካገኘ ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ይደርሳል። ከእነዚህ ከሦስቱ ጤናና ትዕግሥት በአብዛኛው የሯጩ የራሱ ጉዳዮች ናቸው። መንገድ ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሜዳማው ገጠርና በወንዞች ዳርቻ ስለሚገኘው የእግር መንገድ አንድ አስተያየት ለማቅረብ ነው።

ስለ አገራችን ሯጮች ሲነሣ አዘውትሮ የሚወሳው ተራራው ነው። አየሩ ሳሳ ባለበት ከፍተኛ ቦታ መኖርና መለማመድ ደም ኦክስጅን የመሸከም ችሎታውን እንዲያዳብር ይረዳል። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዳገት ብቻውን ሯጭን አያፈጥነውም። ዳገት ጉልበትን ያጠነክራል፤ እርምጃን አመዛዝኖ፣ ፍጥነትን ሳያዛንፉ ለረጅም ጊዜ መሮጥ የሚለመደው ግን በሜዳ ላይ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ማዶ የሚገኘው የሱሉልታ ሜዳ በሯጮች ዘንድ የተወደደው ከፍታንና ለጥ ያለ መስክን አጣምሮ በመያዙ ነው። በበጋ ሣሩ እንደ አስፋልት እግርን አይጎዳም። በክረምት ግን ጥቁሩ ዋልካ አፈር ከጫማ ጋር እየተጣበቀ እግርን ስለሚያከብድ ሯጩ ወደ ጠጠሩ መንገድ ይመለሳል።

የሜዳን ጥቅም ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንመልከት። ሮተርዳም በማስ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች፣ ዳገትና ቁልቁለት የማይበዛባት የኔዘርላንድስ ከተማ ናት። በሚያዝያ ወር 1980 ዓ.ም. በላይነህ ዴንሳሞ በዚያች ከተማ የማራቶንን ውድድር በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑም ከ10 ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። በተራራማ አገር ያደገ ሰው ይህን ያህል የፈጠነው በሜዳ ላይ ነበር።

እንግዲህ በገጠራችን ያሉት የሜዳና የወንዝ ዳር መንገዶች ለሯጭ ተብለው የተሠሩ አይደሉም። ከብት ወደ ውሃ ሲወርድ፣ ገበያተኛ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ ውሃ ቀጂ ወደ ምንጭ ስትመላለስ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲገሠግሥ በብዙ ዘመን ያቀኗቸው ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ከአሰላ አቅራቢያ ከሚገኘው የገጠር ቤቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ፣ ያንኑ ያህል እየሮጠ ይመለስ ነበር። ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ መሮጡም በዚያን ጊዜ መጻሕፍቱን ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ እንደ ሆነ ይነገራል። ለእርሱ የመጀመሪያው የልምምድ ስፍራ የገጠር መንገድ ነበር።

ችግሩ እንዲህ ያለው መንገድ የሁሉም በመሆኑ በተለይ የሚጠብቀው ሰው አለመኖሩ ነው። አንዱ ገበሬ እርሻውን በአንድ ትልም ወደ ወንዙ ያስጠጋል፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሌላ ትልም ይጨምራል። ሌላው አጥሩን ጥቂት ያሰፋል። ሦስተኛው ቆሻሻውን በዳርቻው ይደፋል። ማንም መንገዱን ዘጋሁ አይልም፤ መንገዱ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሳይታወቅ ይወሰዳል። በከተሞች አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ ይፋጠናል። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ተካታለች። ከተማ ሲያድግ አስቀድሞ የሚፈለገው ለጥ ያለው መሬት ነው፤ ለሯጭ የተመቸው መሬት ለቤት ሠሪም ይመቻልና።

«መሬት በጠበበበት፣ እህል በተወደደበት ጊዜ ለሯጭ መንገድ መከልከል ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ይህ በቀላሉ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ከገበሬው ማሳ ላይ ተቈርጦ ለሯጭ ይሰጥ የሚል ቢኖር እኔም እቃወመዋለሁ። ነገር ግን የወንዝ አፋፍ እንደ ሌላው መሬት አይደለም። እስከ አፋፉ ድረስ የታረሰ መሬት ሥር የሚይዘው ሣርና ቍጥቋጦ ስለማይኖረው በክረምት በጎርፍ ይናዳል፤ ገበሬውም ያተረፈውን ትልም ከነአፈሩ ያጣዋል። በአፋፍ ላይ የተሠራ ቤትም ውሃ በሞላ ቍጥር ባለቤቱን እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚተወው ጠባብ መስክ አፈርን ይይዛል፣ ለጎርፍ ቦታ ይሰጣል፣ ለከብት ወደ ውሃ ማለፊያ ይሆናል። ሯጭ የሚሮጠው ለሌላ ጥቅም በተጠበቀ ቦታ ላይ ነው እንጂ ከማንም አፍ ነጥቆ አይደለም።

በዚህ ረገድ ከሌሎች የምንማረው አለ። በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ ዳር ፈረሶች ጀልባ የሚጎትቱበት መንገድ ነበር። ባቡር ከመጣ በኋላ የጀልባው ንግድ ተዳከመ፤ ፈረሶቹም ቀሩ። ሰዎች የሚያልፉበት መብት ግን በአብዛኛው ስላልቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግር መንገድ ከወንዙ ምንጭ እስከ ለንደን ድረስ ተከፈተ። ዛሬ እግረኛና ሯጭ ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ የጥንት የጀልባ መሻገሪያዎች በመቅረታቸው መንገዱ የተቋረጠባቸው ቦታዎች ስለነበሩ የእግረኛ ድልድዮችን መሥራት አስፈልጓል። ከዚህ የምንረዳው ያለውን መንገድ መጠበቅ የጠፋውን ከመመለስ የቀለለ መሆኑን ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን መሬት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ የወንዝን ዳርቻ ለጋራ ጥቅም መጠበቅ ለሕጋችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ ነባር የእግር መንገዶቹን በካርታ ላይ ቢያሰፍር፤ ሁለተኛ፣ አዲስ ቦታ ሲመራ ወይም አጥር ሲታጠር ከብትና ሰው ጎን ለጎን የሚያልፉበት ያህል የወንዝ ዳር ቢተው፤ ሦስተኛ፣ በዚያ ላይ ቆሻሻ መድፋት ቢከለከል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

መብት ግን ግዴታን ያስከትላል። ሯጭም ለገጠሩ ሰው እንግዳ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። የበቀለ ጤፍ ረግጦ መንገድ ማሳጠር፣ ከብት አስደንግጦ ማለፍ፣ ገበሬውን ሰላም ሳይሉ መሮጥ ነውር ነው። ሯጭ ማሳውን ዞሮ፣ እረኛውን ሰላም ብሎ ቢያልፍ ገበሬው ራሱ የመንገዱ ጠባቂ ይሆንለታል። በክረምትም የሞላን ወንዝ ለመሻገር መድፈር ጀግንነት አይደለም፤ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ወይም በመጡበት መመለስ ይሻላል።

እናንተ ተማሪዎች ምናልባት፣ «ይህ የሹማምንት ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን መንገዱን በየቀኑ በእግራችሁ የምትለኩት እናንተ ናችሁ። ከትምህርት ቤታችሁ አጠገብ ወንዝ ወይም ጅረት ካለ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ዳርቻውን ተከትላችሁ ሂዱ። መንገዱ የት ላይ እንደሚቋረጥ በደብተራችሁ መዝግቡ። ከዚያም የአካባቢውን ሽማግሌዎች፣ መንገዱ ቀድሞ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር ጠይቁ። መልሳቸውን ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ ብታቀርቡ፣ ከእናንተ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሮጠው ልጅ መንገዱን አቆያችሁለት ማለት ነው።