ኪቦርድ የሚያስተምረው ስልክ

ቢላ ያለ አንድ አባት የአሥር ዓመት ልጁ ስልክ ይዞ ጥግ ቢቀመጥ፣ ጌም ከሆነ ይቀማዋል፤ ቲክቶክ ከሆነ ይቆጣዋል። «ኪቦርድ እየተማርኩ ነው» ካለው ግን ዝም ይለዋል፤ እንዲያውም ማታ ለጎረቤት ያወራለታል። «ትምህርት» የሚለው ቃል ያለ ፍተሻ ኬላ ያሳልፋል።

ልጁ ኪቦርድ መፈለጉ አይገርምም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኦሮምኛ መዝሙሮች ያሳተመው እነ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ቦጂ ከመድረሳቸው በፊት ነው። ወንጌላውያኑ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሰበኩበት በዚህ አገር፣ ለብዙ ልጅ የመጀመሪያው መድረክ የመዘምራን መድረክ ነው። አስተማሪ ግን የለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚል ትምህርት አስገብቷል፤ መጽሐፉ ስለ ሙዚቃ ያወራል፣ መሣሪያው ግን በብዙ ክፍሎች ውስጥ አይታይም። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው። ነቀምት እንኳ ከዚያ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቢላ ደግሞ ከጊምቢም ወዲያ ናት።

ስለዚህ «ዩቲዩብ ይዘጋ» የሚለው ምክር ለቢላ ልጅ ሌላ በር ሳያሳዩ ያለውን አንድ በር መቆለፍ ነው። ጥያቄው የትኛው ቻናል ለልጅ ይሆናል የሚለው ነው።

ብዙ ወላጅ የሚተማመነው ቻናሉ ላይ በተለጠፈው «ለልጆች የተዘጋጀ» በሚለው ምልክት ነው። ምልክቱ የራሱ ታሪክ አለው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒውዮርክ ግዛት፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስበዋል ብለው ጎግልንና ዩቲዩብን 170 ሚሊዮን ዶላር አስከፈሏቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የቻናል ባለቤት ቪዲዮው ለልጆች መሆን አለመሆኑን ማሳወቅ አለበት። ለልጆች ነው ካለ አስተያየት መስጫው ይዘጋል፣ የተመልካቹን ልማድ ተከትሎ የሚመጣው ማስታወቂያም ይቀራል። (ይህ አሠራር በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሲጀመር ምዕራብ ወለጋን ጨምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ የተመለሰውም ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ዓለም ስለ ልጆች ማስታወቂያ ሲከራከር ቢላ ዘመድ ደውሎ ማግኘት አልቻለም።)

ምልክቱን በመጀመሪያ የሚለጥፈው ባለቤቱ ራሱ ነው። የሚናገረውም ስለ መረጃና ስለ ማስታወቂያ ነው እንጂ፣ መምህሩ ማስተማር ይችል እንደሆነ አይናገርም። ምልክት የሌለው ቻናልም መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ሪክ ቢያቶ የታወቁ የሮክ ዘፈኖችን እየበለተ ሲያስረዳ ሙዚቃ የሚያውቅ አዋቂ አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ከእሱ የሚያገኘው የሚያውቅ ሰው ሲያወራ ማየት ብቻ ነው። ሆፍማን አካዳሚን የመሰለ ለልጆች የተሠራ የፒያኖ ትምህርት ይለያል፤ ትምህርቱ በተራ ቁጥር ይሄዳል፣ አጭር ነው፣ ልጁን ወደ መሣሪያው ይልከዋል።

እንግሊዝኛ የማይሰማ አባትም ይህን ልዩነት ማየት ይችላል። መምህሩ በየመሃሉ ያቆማል ወይ? ልጁ እጁን ያንቀሳቅሳል ወይ? ፊቱ መሣሪያ ከሌለ የፒያኖ ትምህርት የሚያይ ልጅ ቴሌቪዥን እያየ ነው፤ ምግብ አሠራር እያዩ እንደመራብ ነው።

ሌላው ነገር ዜማው ራሱ ነው። በሆፍማን የመጀመሪያ ትምህርቶች ከሚመጡት ዜማዎች አንዱ እንግሊዞች ለስቅለት ስለሚጋግሩት ዳቦ የሚዘፈን ነው። ጉዳት የለውም፤ ሦስት ድምፅ ብቻ ስላለው ለጀማሪ ጣት ይመቻል። ከዶ፣ ሬ፣ ሚ ቀጥሎ ሶልና ላን ሲጨምር ልጁ ሳያውቀው በሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ላይ ቆሟል። ይህን የሚነግረው ግን የለም። አንቺሆዬ ጋ ሲደርስ ደግሞ ከለመደው ስኬል ጋር አይገጥምለትም። ያኔ «አያቴ ስትዘፍን ድምፅ ትስታለች» ብሎ ይደመድማል። የሳተው አያትዬዋ ሳትሆን ትምህርቱ ነው፤ ስለ እሷ ዜማ የሚያውቀው ነገር የለም። መድኃኒቱም እዚያው ቤት ነው፦ አያት ታዚም፣ ልጅ በኪቦርዱ ይፈልግ። በወሩ የቤቱን አንድ ዘፈን ፈልጎ ማግኘት ካልቻለ ቻናሉ ምን እንዳስተማረው መጠየቅ ይገባል።

እስካሁን የተነሱት ቻናሎች የፈረንጅ ናቸው። አደጋ ሲባል ቶሎ የሚጠረጠሩትም እነሱ ናቸው። ይበልጥ መፈተሽ ያለበት ግን በአማርኛና በኦሮምኛ የሚሰጠው፣ መጨረሻው ላይ «ቴሌግራም ግሩፓችንን ተቀላቀሉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ» የሚለው ነው። ብዙዎቹ መምህራን ቅን ናቸው፤ ልጆቹ የሚገባቸው ቋንቋም የእነሱ ነው። ሆኖም ግሩፕ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅና የአርባ ዓመት ሰው አንድ ላይ ይገባሉ፤ ማንም ለማንም በግል መጻፍ ይችላል። ዩቲዩብ የዘጋው የአስተያየት መስጫ እዚህ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መምህሩ ለልጆች የሚያስብ ከሆነ ትምህርቱን አባላት በማይጻጻፉበት ቻናል ይልቀቅ፤ ክፍያና ጥያቄ ካለ ከወላጅ ጋር ይነጋገር። ይህን እንቢ ያለ መምህር ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ለልጅ አይሆንም።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ዳታ የሚወደድበት ሰው ቪዲዮውን ከሚያውቀው ወይም ከሱቅ በሚሞሪ ካርድ አስጭኖ ነው የሚያየው። እዚያ ላይ አስተያየት የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ራሱን የሚከፍት ሌላ ቪዲዮም የለም። ሃያ በተራ የተደረደሩ ትምህርቶች የተጫኑበት ሚሞሪ፣ ለልጅ ከተከፈተ ዋይፋይ ይሻላል። ደሃው ቤት ሳያስበው የተሻለውን መርጧል።

የቀረው መሣሪያው ነው። ከእሁድ እስከ እሁድ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቆይ የመዘምራን ኪቦርድ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ለልጆች ቢከፈት የሚጎድል የለም። የክፍሉ ቁልፍ ከማን ዘንድ እንዳለ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።