ፓወር ባንክ ፖሊሲ አይደለም

ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» አንዱ በመስኮት ብቅ ይልና የጎረቤቱን አምፖል አይቶ መልሱን ይዞ ይመለሳል። የሰፈሩ ከሆነ ሁሉም እፎይ ይላል፤ ሻማ ይፈለጋል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ዛሬ ሁለተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ «ኔትወርኩስ አለ?» የዛሬው ጉዳዬ ይህችኛዋ ናት።

ያ ሽቦው የተጠቀለለ፣ ዳንቴል የለበሰው የቤት ስልክ ትዝ ይላችኋል? መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር። ተአምር አልነበረም። ስልኩ የሚነሳበትን 48 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ፣ በዚያችው ድምፅ በምታመጣው የመዳብ ሽቦ ነበር። ጣቢያው ባትሪ ነበረው፤ ስለዚህ የቤቱ መብራት መጥፋት ለስልኩ ጉዳዩ አልነበረም። እናቶቻችን በሕይወታቸው አንድም ቀን የቤት ስልካቸውን ቻርጅ ስለማድረግ ተጨንቀው አያውቁም። ጭንቀቱ የአገልግሎት ሰጪው ነበር።

ከዚያ ፋይበር መጣ። ፈጣን ነው፤ እሰየው። ግን ፋይበር መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈችው ሳጥንና አጠገቧ ያለው ራውተር የሚሠሩት በእኛው ሶኬት ነው። እናም ማንም ቁጭ አድርጎ ሳይነግረን፣ ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ የማድረጉ ኃላፊነት ግማሹ ከጣቢያው ተነስቶ ሳሎናችን ገባ።

እሺ፣ ገባ። እንወጣዋለን! የአዲስ አበባ ልጅ ምን ያቅተዋል? እንዲያውም ነገሩ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ራውተራችሁን ገልብጡትና ጽሑፉን አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር የሚል ታገኛላችሁ፤ ቢበዛ 12 ዋት መሆኑ ነው። ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። የሚባክነው ተቀንሶ ራውተሩን ወደ 5 ሰዓት ያቆየዋል። ፓወር ባንኩ የሚሰጠው 5 ቮልት ከሆነ ወደ 12 የሚያሳድግ ገመድ ያስፈልጋል፤ ቮልቱ ካልተስማማ ግን አትሰኩ፣ ዕቃውን ታቃጥሉታላችሁ። ፋይበር ያላችሁ ደግሞ ሳጥኗንም አትርሱ፤ ራውተሩ በርቶ እሷ ከጠፋች ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም። ለስልክ ከሆነ፣ ያች ባትሪዋ ቀናት የምትቆይ ባለ ቁልፍ ስልክ ዛሬም አልተሸነፈችም።

ይኼው፤ ምክሩን ሰጠሁ። ጠቡ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ምክሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ መልስ መስሎ መቅረቡ ነው የሚያናድደኝ። አንዲት ጓደኛዬ የሥራ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ቀጠሮ ነበራት፤ መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ቀጥሎ ኔትወርኩ ሄደ። ቀጣሪው በማግስቱ ያላት «መዘጋጀት ነበረብሽ» ነው። ምን ትዘጋጅ? የሰፈሯን የስልክ ማማ በቦርሳዋ ይዛ ትዙር?

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የስልክ ማማውም መብራት ይበላል። ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፤ ባትሪው ካለቀና ነዳጁ ካልተሞላ የሚቀጥለው ጸጥታ ነው። ያኔ የኔ ፓወር ባንክ መቶ ፐርሰንት ቢሞላ ጥቅሙ ጌም ለመጫወት ነው። እኔ የቤቴን ጫፍ ይዤ፣ ያኛውን ጫፍ ማን ይያዝልኝ?

«ትንሽ ታገሡ፣ ሞባይል እኮ ቅንጦት ነው» የሚባልበት ዘመን አልፏል፤ ያሳለፉትም ራሳቸው ናቸው። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባል ስትራቴጂ ጸደቀ። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀርቶ በስልክ መክፈል ግዴታ ሆነ። የመብራት ሂሳባችንን ሳይቀር በስልክ እንከፍላለን። ልብ በሉ፤ ስልኩን የሚሞላው መብራት፣ የመብራቱን ሂሳብ የሚከፍለው ስልኩ! አንድ ነገር ግዴታ ከሆነ እንዲሠራ ማድረግም ግዴታ ነው። ግዴታው ለኛ፣ «ይቅርታ» ለነሱ የሚሆንበት ሕግ የት አገር ነው ያለው?

ደግሞ የኃይል እጥረት ነው እንዳትሉኝ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ሁላችንም ቦንድ ገዝተናል፣ ከደመወዝ ተቆርጦብናል፣ ደስ ብሎን አልቅሰናል። ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ወደ ሶኬታችን ገባ። «ግድብ ሌላ፣ የሰፈር ትራንስፎርመርና ያረጀ መስመር ሌላ» ይሉናል። እውነት ነው፤ እቀበላለሁ። መስመር በአንድ ጀምበር አይታደስም። መናገር ግን አዲስ መስመር አይፈልግም! ግንቦት 2011 ላይ የግቤ 3 ውሃ ቀንሶ ፈረቃ ሲታወጅ ሰዓቱ በይፋ ተነግሮን ነበር። በችግሩ ጊዜ የተቻለው ዛሬ ለጥገና ሲያጠፉ እንደ ደንብ የማይያዝበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ታቅዶ የሚጠፋ መብራት በሰፈር ስምና በሰዓት ቀድሞ ይነገረን። ያውም በአጭር መልእክት፤ የሎተሪና የዘፈን ማስታወቂያ እየደረሰን ይህ አይደርሰንም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ቴሌም ይሁን በ2015 ገበያውን የተቀላቀለው ሳፋሪኮም፣ የስልክ ማማ መብራት ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለበት በቁጥር ይታወቅ፤ መከበሩም ለሕዝብ ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ በስልክ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ ሌላ በር ይኑረው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የሚዘጋ ማመልከቻም ይራዘም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ገንዘብ ያለው ኢንቨርተር ይገዛል፣ መካከለኛው ፓወር ባንክ ይገዛል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነው የሚኖሩት ተከራዮች ደግሞ ባለጄኔሬተር ካፌ ገብተው በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ። እንግዲህ «የዲጂታል ዘመን» ሲባል እኩል የሚጋራው የመሰለን ካለን ተሸውደናል። መብራት በጠፋ ቁጥር አገሩ ባለባትሪና ባትሪ የለሽ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል።

ፓወር ባንካችሁን ሙሉ። ስትሞሉ ግን የማንን ሥራ እየሠራችሁ እንደሆነ አትርሱ።