መጀመሪያ ሰው፣ ኋላ ጓዝ

የሣር ቤት እሳት ሲነሣበት ቀድሞ ምን ይወጣል? ሕፃን ይወጣል። አቅመ ደካማ ይወጣል። ሞሰብና ሣጥን ኋላ ይታሰባል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። አውሮፕላንም እሳት ሲነሣበት ደንቡ ይኸው ነው። ዛሬ የምናነበው ስለዚሁ ነው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አገሩ ጃፓን ነው። አንድ ትልቅ አውሮፕላን 367 መንገደኞችና 12 ሠራተኞች ይዞ ቶኪዮ ከተማ ደረሰ። ሃኔዳ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ወረደ። ጊዜው መሽቷል። በማረፊያው መንገድ ላይ ግን ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ነበረ። ትንሹ አውሮፕላን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ነው። ከአንድ ቀን በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ ለደረሰባቸው ሰዎች እርዳታ ሊወስድ ነበር። ሁለቱ ተጋጩ። በትንሹ ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ትልቁ እሳት እንደያዘው ተንሸራቶ ሄዶ ቆመ።

ጢስ ወደ ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹ ለሁሉም የሚናገሩበት መሣሪያ አልሠራ አለ። እነሱ ግን በእጅ ድምፅ ማጉያና በጉሮሯቸው እየጮኹ፣ ዕቃችሁን ተዉ አሉ።

በር ዝም ብሎ አይከፈትም። መጀመሪያ በመስኮት ውጭውን ማየት ያስፈልጋል። እሳት ባለበት በኩል ከተከፈተ ነበልባሉ ይገባል። ስለዚህ ከ8ቱ በሮች ሰው የወጣው በ3ቱ ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት፣ ከሥሩ ታጥፎ የነበረ ነገር እንደ አቁማዳ ይነፋና እስከ መሬት ይዘረጋል። መንሸራተቻ ይባላል። ሰው በላዩ ተቀምጦ ይወርዳል።

ዋናው አብራሪ የቀረ ሰው እንዳለ እስከ ኋላ ድረስ እየዞረ አየ። መጨረሻ የወረደው እሱ ነው። 379ኙም ሰዎች ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በሕይወት ወጡ። አውሮፕላኑ ነደደ። ሻንጣውም አብሮ ነደደ።

«አንድ ሻንጣ ምን ይጎዳል?» ትሉን ይሆናል። አንድ ሰው ሻንጣ ሊያወርድ ሲቆም ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። የሻንጣ ጠርዝ ወይም ሹል ተረከዝ መንሸራተቻውን ሊቀደው ይችላል። አውሮፕላን ሠሪዎች የበሮቹ ግማሽ ተዘግቶ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል ማሳየት አለባቸው። 90 ሴኮንድ ማለት አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ለሻንጣ የተተወ ጊዜ የለም።

አለቃ ሲከዳስ? ጥር 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ኢጣሊያ ውስጥ አንድ ትልቅ መርከብ ከዐለት ጋር ተላትሞ ተጋደመ። ካፒቴኑ ብዙ መንገደኞች ገና ሳይወርዱ እሱ ወረደ። 32 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ 16 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ከእኛም መንደር ለሥራ ባሕር ማዶ የሚሄድ አለ። በሻንጣው ውስጥ የስንት ዓመት ልፋት እንዳለ እናውቃለን። ትቶ መውጣት ያንገበግባል። ስለዚህ ለሚሄዱት እንዲህ እንበላቸው፦

ፓስፖርትና ገንዘብ በሻንጣ ሳይሆን በኪስ ይያዝ።

እንደተቀመጡ፣ እስከ በሩ ስንት ወንበር እንዳለ ይቁጠሩ። ጢስ ሲሞላ ዓይን አያይም። ቁጥሩን የያዘ ሰው ግን ወንበሩን በእጁ እየዳሰሰ በሩን ያገኛል።

ከፊት ባለው ወንበር ኪስ ውስጥ የመውጫውን መንገድ በሥዕል የሚያሳይ ካርድ አለ። አውጥተው ይዩት።

ሠራተኛው «ተዉት» ሲል ይተዉት። ሻንጣ ሌላ ይገዛል፤ ሰው አይገዛም።

አዳዲስ ቃላት
መንገደኛ፦ ተሳፍሮ የሚሄድ ሰው።
አብራሪ፦ አውሮፕላን የሚነዳ ሰው።

ተወያዩ
1. በር ከመከፈቱ በፊት ውጭውን ማየት ለምን ያስፈልጋል?
2. አለቃ መጨረሻ መውረዱ ምን ይጠቅማል?
3. በመንደራችሁ ቤት ቢቃጠል ማን ማንን ያወጣል? ከዛሬ ጀምሮ ተነጋገሩበት።