ሽማግሌ ሲጫንበት የሚያጎነብሰው ማርቸዲስ

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 28 ነው፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ዓምና ያረፉት አባቴ አንድ የናፍጣ ማርቸዲስ ትተውልኛል። ያ ከኋላው ረዘም ያለው፣ ዕቃ መጫኛ ያለው ስቴሽን ዋገን ነው። እናቴ ‹ይህን መኪና ከሸጥክ አባትህን ሁለተኛ እንደቀበርካቸው ቁጠረው› ትለኛለች። እጮኛዬ ደግሞ ‹የምታገባው እኔን ነው ወይስ መኪናውን?› ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ ለቤት ዕቃ ያጠራቀምነው ብር ጋራዥ ገብቶ እየቀረ ነው።

ብቻዬን ስነዳው ደህና ነው። ከኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ግን ቂጡ መሬት ሊነካ ይደርሳል፤ ጉድጓድ ካገኘማ እንደ ጋሪ ነው የሚያንገጫግጨን። ሰሞኑን ደግሞ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች መስመጥ ጀምሯል። የሰፈራችን መካኒክ ‹ዘይት ጎድሎት ነው› ብሎ ሁለቱም ማጠራቀሚያ ላይ የፍሬን ዘይት ሞላበት። በሚመጣው ወር ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ አዳማ እጮኛዬ ቤተሰቦች ዘንድ ልሄድ ነው። እነሱ ሲገቡ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ። በአባቴ መኪና መሄዳቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ላሠራው ወይስ ልሽጠው?

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ»

ወንድማችን፣ ደብዳቤህን ስናነብ እናትህ ጋ አዘንን፣ እጮኛህ ጋ ፈገግ አልን፤ «ሁለቱም ማጠራቀሚያ ላይ የፍሬን ዘይት ሞላበት» የምትለው ጋ ስንደርስ ግን ደነገጥን! ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፦ ይህን ጋዜጣ አስቀምጥና የመኪናውን ቁልፍ ለእናትህ ስጥ። ሞተሩን እንዳታስነሳው። ምክንያቱን እንነግርሃለን።

ያንተ ዓይነት ችግር ያለበት ወጣት ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ያለውን ማስታመም የግድ ሆነ። ችግሩ ማስታመሚያው ላይ ነው።

አባትህ የተዉልህ መኪና በፋብሪካው 123 የሚባለው ሞዴል ይመስለናል። የሱ ስቴሽን ዋገን እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ ታይቶ በ1986 ምርቱ የቆመ ነው። ትንሿ ዕድሜው እንኳ ካንተ ትበልጣለች ማለት ነው! ይህ መኪና ከኋላ እንደ ሌላው ሞላና አሞርዛተር ብቻ አይደለም ያለው። ሞተሩ ላይ የተገጠመች ፖምፓ ዘይት እየገፋች፣ ጭነት ሲበዛ የኋላውን መልሳ ቀጥ ታደርገዋለች። ከኋላ ደግሞ ኳስ የሚመስሉ ሁለት የብረት ዕቃዎች አሉ። ውስጣቸው በስስ ላስቲክ ለሁለት ተከፍሏል፤ ባንድ ወገን ናይትሮጅን ጋዝ፣ በሌላው ወገን ዘይት። ጉድጓድ ስትገባ ጋዙ ይታመቅና እንደ ትራስ ይቀበልሃል።

አሁን ሕመሙን ማወቅ ቀላል ነው። እንደ ጋሪ ካንገጫገጨህ ላስቲኩ ተቀዷል፤ ወይም ጋዙ ከጊዜ ብዛት አልቋል። ዘይት ደግሞ አይታመቅም፤ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥክ ቁጠረው። ሰው ሲጫን ወርዶ የሚቀር ከሆነ ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ ፖምፓዋ ደክማለች፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ ከፍታውን የምትቆጣጠረው ቫልቭ ተጣብቃለች። ለሌሎች አንባቢዎች፦ እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ ከኋላ ሰው ጫኑ፤ ይወርዳል። ከዚያ አስነሱትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቀስ እያለ ከተነሳ በሽታው ቀላል ነው። ግን አደራ፣ በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥሩ እንዳትገቡ። እንዲህ ዓይነት መኪና ዘይቱ ሲለቅ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው።

ወደ ዘይቱ እንምጣ። የኋላው ሥርዓት የራሱ ማዕድናዊ የሃይድሮሊክ ዘይት አለው። የፍሬኑ ሌላ ነው፤ የመሪውም ለብቻው ነው። ለዓይን ሁሉም ዘይት ነው፤ ለጎሚኒው ግን እንደዚያ አይደለም። ለማዕድናዊ ዘይት የተሠራ ጎሚኒ የፍሬን ዘይት ሲነካው ይበላሻል። የሞተር ዘይት ፍሬን ውስጥ ቢገባ ደግሞ ጎሚኒው አብጦ ይነቀላል፤ በዚያ ቀን ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ሞተሩን አታስነሳ ያልንህም ለዚህ ነው። ፖምፓዋ ከዞረች የተሳሳተውን ዘይት እስከ ጅራቱ ታደርሰዋለች። ሳይነሳ ማጠራቀሚያው ከተቀዳና በትክክለኛው ዘይት ከታጠበ ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ነድተኸው ከሆነማ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ማስፈተሽ ነው።

መካኒክህን አትጥላው። ይህ ነገር የፈጠሩትንም አሳስቷቸዋል። የፈረንሳዩ ሲትሮይን እ.ኤ.አ. በ1955 ዲ ኤስ የተባለውን መኪና ሲያወጣ ሞላውም፣ ፍሬኑም፣ መሪውም ባንድ የዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። ግፊቱ ከ150 ባር በላይ ይደርሳል፤ የጎማህ ነፋስ እኮ 2 ባር ገደማ ነው! ያኔ የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ግን ውሃ ከአየር እየሳበ ቧንቧውን ከውስጥ ያዝገው ነበር። መፍትሔ ያገኙት በ1966 ነው፤ አረንጓዴ ማዕድናዊ ዘይት አመጡና እሱን የሚቀበሉትን ዕቃዎችም አረንጓዴ ምልክት አደረጉባቸው። ማንም በስህተት እንዳይቀላቅል! አንተም እንዲሁ አድርግ፤ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ በቀለም ጻፍበት።

ፍሬኑ ግን ከሁሉም ይብሳል። ፔዳሉ ላይ እግርህን ጫን አድርገህ ስትይዘው ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነና ከውጭ የሚያፈስ ነገር ከሌለ፣ ፍሬን ፖምፓው ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው። ሺህ ጊዜ ዘይት ብትሞላ አይድንም። የተዘጋ ሥርዓት ዘይት አይበላም፤ ከጎደለ ወይ ሸራው አልቋል ወይ ያፈሳል። «ሙላልኝ» ከማለትህ በፊት «የት ሄደ?» ብለህ ጠይቅ።

የፍሬን ዘይት ራሱ ከአየር ውሃ ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል የሚባለው ለዚህ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ እግርህ ወለል ይነካና መኪናው ይሄዳል። አባትህ ዘይቱን መቼ አስቀይረውት እንደነበር ታውቃለህ? አናውቅም ካላችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

አሁን መንገድህን አስብ። የፈጣን መንገዱ መግቢያ ደጅህ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ከፍሎ ወደ አዳማ መውረድ የ80 ኪሎ ሜትር ጉዳይ ነው። አንተ ቀስ ብትልም ከኋላህ 120 የሚነዳ አለ፣ የጭነት መኪናም አለ። በሚሰምጥ ፔዳል፣ መሬት ሊነካ በደረሰ ቂጥ፣ የሦስት ቤተሰብ አባወራዎች ጭነህ? እንዴ! ሽማግሌዎቹ የሄዱት ልጅ ሊጠይቁ ነው እንጂ ነፍሳቸውን ሊያስረክቡ አይደለም።

ላሠራው ወይስ ልሽጠው ላልከው፦ መጀመሪያ ፍሬኑን ብቻ አሠራ። ፖምፓው ጎሚኒው ይቀየር፣ ቱቦዎቹ ይታዩ፣ ዘይቱ በሙሉ ይቀየር። መኪናውን በገመድ እንዳታስጎትተው፤ ፍሬን የሌለው ተጎታች የባሰ ነው። መካኒክ ቤትህ ድረስ አምጣ። የኋላውን ሃይድሮሊክ በተመለከተ ሁለት መንገድ አለህ። ኳሶቹ ተለይተው ይፈታሉና አዲስ በሰው ከውጭ ማስመጣት አንዱ ነው። ሁለተኛው ሃይድሮሊኩን አውጥቶ ጠንካራ ሞላና ተራ አሞርዛተር መግጠም ነው። ንጹሓን የማርቸዲስ ወዳጆች በዚህ ይናደዱብናል፤ ይናደዱ። ጀማሪ ትዳር ለሚመሠርት ሰው የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ሶማሌ ተራ ወርደህ ስትፈልግም የመኪናውን ሞላ ቁጥር ይዘህ ሂድ፤ «ይገጥማል» የሚልህን ሁሉ አትመን።

ለእናትህ እውነቱን ንገራቸው፦ መኪናው አይሸጥም፣ ግን ፍሬኑ እስኪሠራ ከግቢ አይወጣም። እጮኛህን ደግሞ ቁጭ አድርገህ የጋራዡን ወጪ አንድ በአንድ አሳያት። ጣሪያውንም አብራችሁ ወስኑ፤ ከዚህ ብር በላይ ከጠየቀ ይቆማል በሉ። የምትፈራው መኪናውን ሳይሆን መጨረሻ የሌለውን ወጪ ይመስለናል።

ለአዳማው ጉዞ ሚኒባስ ተከራይ። ሽማግሌዎቹ ምን መልስ ይዘው እንደተመለሱም ጻፍልን።